ሕፃን ማየትን እንዴት ይማራል?

በከተማችን በደቡብ በኩል ያለው ንፋስ ስልክ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋ በአየር ላይ ወሬ ከሚያስተላልፈው መሣሪያ መሆኑን ታውቃላችሁ። የቀድሞ ሰዎች ያንን ነገር አይተው በመደነቅ «የንፋስ ስልክ» አሉት፤ ስሙም ለሰፈሩ ቀረ፤ ዛሬም ከላፍቶ ጋራ ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። እኔም በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከላፍቶ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የምኖር ስሆን፣ የሰው ዓይንም እንደዚሁ የንፋስ ስልክ ይመስለኝ ነበረ። ዓይን ይከፈታል፤ ብርሃን ይገባል፤ ሰውዬውም ያያል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምሥጢር አለው እል ነበረ። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ያስረዳኝ የልጄ ልጅ ነው፤ ትምህርቱም ያለ ዋጋ አልተገኘም።

ልጁ 3 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ ማታ ማታ ድካም ሲይዘው ግራ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ዘንበል ይል ጀመረ። እናቱ ገና ከመጀመሪያው ወደ ሐኪም ልትወስደው ፈልጋ ነበረ። ነገር ግን በቤታችን ያሉት ትልልቅ ሴቶች «ትንሽ ሸውረር ማለት ለልጅ ደም ግባት ነው፤ ሲያድግ ይለቀዋል» አሉ፤ እኔም የቤቱ ሽማግሌ ስለ ሆንሁ «ልጄ፣ ቆዪ እስኪ፣ ጾሙ ይውጣ» አልኋት። ጾሙ ወጣ፤ ክረምቱ ገባ፤ ከዚያም ሠርግ መጣ። እንዲህ ሲባል 2 ዓመት አለፈ። እርስዋም የአባትን ቃል ማፍረስ ከብዷት ዝም አለች።

በ5 ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲገባ የልጆቹን ዓይን የሚመረምሩ ሰዎች መጥተው በየተራ አንዱን ዓይን እያስከደኑ ፊደል ያስነብቡ ነበረና፣ የእኛ ልጅ ግራ ዓይኑን ሲሸፍኑበት ዝም ብሎ አነበበ፤ ቀኙን ሲሸፍኑበት ግን እጃቸውን ገፋ አድርጎ አለቀሰ። ከሰሌዳው ላይ ከሁሉ የሚተልቀውን ፊደል ብቻ ለየ። እንግዲህ እኔና እናቱ ይዘነው ወደ ዓይን ሐኪም ሄድን። ሐኪሚቱ በመብራት ከመረመሩት በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣

«አባቴ፣ የልጁ ዓይን ጤነኛ ነው» አሉኝ።

«ጤነኛ ከሆነ ስለ ምን አያይም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዓይኑ ያያል፤ አንጎሉ ግን ከዚያ ዓይን የሚመጣለትን ነገር መቀበል ትቷል። ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ሥራው ይቀልልን ነበረ፤ ቢሆንም ገና አልመሸም» ሲሉ መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ጠይቄም አንብቤም የተረዳሁትን ለእናንተ ላቀርብ ወደድሁ፤ በየቤታችሁ ሕፃን አለና።

ከዓይን በስተ ኋላ ሬቲና የሚባል ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን አለ። ከዚህ ሽፋን ተነሥተው ወደ አንጎል የሚሄዱ ቀጫጭን ክሮች ከእያንዳንዱ ዓይን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ፤ እነዚህ ሁሉ እንደ ገመድ በአንድነት ሆነው የማየት ነርቭ ይባላሉ። ስለዚህ ዓይናችን የንፋስ ስልክ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክር የራሱ መንገድና የራሱ መድረሻ ያለው ባለ ሽቦ ስልክ ነው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ገመዶች ከአንጎል ሥር ይገናኛሉ፤ በዚያም ከአፍንጫ ወገን የተነሡት ክሮች ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ከጆሮ ወገን የተነሡት ሳይሻገሩ በዚያው ይቀጥላሉ። በዚህም ምክንያት በግራችን ያለው ነገር ሁሉ ወደ ቀኙ አንጎል፣ በቀኛችን ያለውም ወደ ግራው ይደርሳል። ከዚህ በኋላ ክሮቹ በአንጎል መካከል ባለው እንደ ስልክ ማዞሪያ ባለ ስፍራ ያርፋሉ፤ ከዚያም ሌሎች ክሮች መልእክቱን ተቀብለው ማየት ወደሚፈጸምበት ወደ ኋለኛው የራስ ክፍል ያደርሱታል።

ይህን ሁሉ ሽቦ በእናት ማኅፀን ውስጥ የሚዘረጋው ማን ነው? መንገዱንስ ማን ያሳየዋል? ሮጀር ስፔሪ የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ ይህን ለማወቅ በ1940ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) በእንቁራሪትና መሰል ፍጥረቶች ላይ ፈተና አደረገ። የእንቁራሪት የማየት ነርቭ ቢቆረጥ መልሶ ያድጋልና፣ ነርቩን ቆርጦ ዓይኑንም ግልብጥ አድርጎ አዞረው። ነርቩ በበቀለ ጊዜ እያንዳንዱ ክር ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመልሶ ገጠመ፤ ስለዚህም ዝንቧ ከላይ ስትሆን እንቁራሪቱ ወደ ታች ይዘል ነበረ፤ ይህንንም ስሕተት ዕድሜውን ሙሉ ሳያርመው ቀረ። ስፔሪ ከዚህ ተነሥቶ፣ ክሮቹ መድረሻቸውን የሚያውቁት በላያቸው ባለ እንደ ማኅተም በሚያገለግል ንጥረ ነገር ነው ብሎ ተናገረ። በ1990ዎቹም ይህን ሥራ የሚሠሩት ንጥረ ነገሮች ተገኝተው ኤፍሪን የሚል ስም ተሰጣቸው።

ተፈጥሮ ግን በመጀመሪያ ቆጣቢ አይደለችም። ጽንሱ ከ16 እስከ 17 ሳምንት በሚሆነው ጊዜ በአንዱ የማየት ነርቭ ውስጥ የሚቆጠሩት ክሮች ወደ 3.7 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ በ29ኛው ሳምንት ግን ወደ 1.1 ሚሊዮን ይወርዳሉ። ከሦስት ክሮች ሁለቱ ያህል ይጠፋሉ ማለት ነው። የሚቀሩት መልካም መድረሻ ያገኙት ናቸው። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ሕፃኑ ገና በጨለማ ሳለ ሬቲናው ዝም ብሎ አለመቀመጡ ነው። በ1991 ካርላ ሻትስና የሥራ ጓደኞቿ ብርሃን ገና ካላዩ እንስሳት ሬቲና ላይ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ እንደ ውኃ ማዕበል ከዳር እስከ ዳር ሲያልፍ አሳዩ። የስልክ ሠራተኞች መሥመሩን ለሕዝብ ከመክፈታቸው በፊት «ሃሎ፣ ሃሎ» እያሉ እንደሚፈትኑት፣ ዓይንም ከመወለድ በፊት ከአንጎል ጋራ መሥመሩን ይፈትናል ለማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ያለ እኛ እርዳታ ይፈጸማል። ከተወለደ በኋላ ያለው ግን እንዲህ አይደለም። አራስ ሕፃን የሚያየው ጭጋግ እንደ ለበሰ ሰው ነው፤ አጥርቶም ባይሆን የሚያየው ከፊቱ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው፤ ይህም በጡት ላይ ሳለ ከእርሱ እስከ እናቱ ፊት ያለው ርቀት ነው። በአንጎሉ ኋለኛ ክፍል ያሉት መገናኛዎች እጅግ እየበዙ ሄደው በ8 ወር ዕድሜ ገደማ ከሁሉ የበዙ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ በልጅነት ዘመን ሁሉ ያልሠራው እየተለቀመ ይቀንሳል። የትኛው እንዲቀር የሚወስነው ሕፃኑ የሚያየው ነገር ነው።

ይህን በፈተና ያስረዱት ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል ናቸው። በ1963 ባወጡት ጽሑፍ፣ የአንዲት ድመት ግልገል አንድ ዓይን ሽፋሽፍቱ ተሰፍቶ ለ3 ወር ያህል ቢከደን፣ በኋላ ቢከፈትም ግልገሏ በዚያ ዓይን እንደማታይ አሳዩ። ዓይኑ ምንም አልጎደለውም፤ በአንጎል ውስጥ ግን ለዚያ ዓይን የሚመልስ ሕዋስ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበረ። ያደገች ድመት ዓይን ቢሰፋ ግን ምንም ጉዳት አልደረሰም። ለዚህ ሥራቸው በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት ከእነርሱ ጋራ ሽልማቱን የተካፈለው ደግሞ ያው የእንቁራሪቱ ስፔሪ ነበረ፤ እርሱ ግን የተሸለመው በሌላ ሥራው ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ሥራ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነልኝ አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ዓይኖች አብረው ቢከደኑ የሚደርሰው ጉዳት አንዱ ብቻ ሲከደን ከሚደርሰው የተለየ ነው፤ አንዱ ብቻ ሲከደን የዚያ ዓይን ድርሻ ፈጽሞ ይነጠቃል። ይህን ለመረዳት የርስት ነገር የሚያውቅ ሰው አይቸገርም። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተለይተው ሲያርሱ ሁለቱም ርስታቸውን ይዘው ይኖራሉ። አንዱ በሬው ታሞበት ሳያርስ ቢቀር ግን ሌላው በየዓመቱ አንድ አንድ ፈር እየጨመረ ድንበሩን ይገፋል፤ ባለ በሬውም በኋላ ሲነሣ ማረሻውን የሚያስገባበት መሬት ያጣል። በአንጎልም ውስጥ ያለው ይህ ነው። ሸውራራው ዓይን የሚልከው ሥዕል ከጤነኛው ዓይን ሥዕል ጋራ አልገጥም ስለሚል አንጎሉ አንዱን ዝም ያሰኘዋል፤ ዝም የተባለውም ዓይን ርስቱን ይነጠቃል። ሐኪሞች አምብሊዮፒያ ይሉታል፤ በአማርኛ «ሰነፍ ዓይን» የሚሉትም አሉ። ይህ ስም ግን ዓይኑን ያለ ጥፋቱ የሚከስ ስለ ሆነ እኔ አልወደውም።

እዚህ ላይ ከአገራችን ልጆች የተገኘውን ትልቅ ዕውቀት ሳልናገር አላልፍም። በ2005 እና በ2006 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ምርመራ ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ የዚህም እኩሌታ ምክንያቱ የዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ የሽማግሌዎች በሽታ ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን ከነሞራቸው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ከገጠር ወገን እንዲህ ያሉ ልጆች ሐኪም ሳያገኙ፣ ብርሃንና ጨለማ ብቻ እየለዩ፣ 5 ወይም 10 ዓመት፣ አንዳንዶችም ከዚህ የሚበልጥ ይኖሩ ነበረ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በሐዋሳ ሞራቸው ተነሥቶላቸው፣ የእስራኤሉ ሐኪም ኢታይ ቤን ጽዮንና የኢየሩሳሌሙ ሊቅ ኤሁድ ዞሃሪ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚያዩ ተከታትለዋል።

ሰው ሁሉ የሚያስበው፣ መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ልጁ እንደ ሌላው ሰው ወዲያው ያያል ብሎ ነው። በ2015 የታተመው ሥራቸው ግን እንዲህ አለመሆኑን ያስረዳል። ልጆቹ ቀለምን ከቀለም፣ ትልቁን ከትንሹ፣ ቀላሉን ቅርጽ ከሌላው ቅርጽ ይለያሉ። ነገር ግን አንዱ ነገር ሌላውን በከፊል ሲጋርደው፣ ወይም ቅርጹ በጥላና በብርሃን ብቻ ሲታወቅ፣ ይጨነቃሉ። እኛ ሳናስብ የምናደርገውን እነርሱ በጥረትም አያገኙትም።

በ2022 የታተመው ሁለተኛው ሥራ ደግሞ ለቤተ ሰብ ገጽ ከሁሉ ይልቅ የሚገባ ነው። ጤነኛ ሕፃን ገና ዓመት ሳይሞላው እናቱ ወደ በሩ ስትመለከት እርሱም ወደ በሩ ይመለከታል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። ሞራቸው ዘግይቶ የተነሣላቸው ልጆች ግን ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ዓመታት ካለፉም በኋላ የሌላውን ሰው ዓይን በራሳቸው አይከተሉም። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከኢትዮጵያ እናቶች የበለጠ የሚያውቅ የለም። እንግዳ በተቀመጠበት ልጅ ወደ ሞሰቡ እጁን ሲዘረጋ እናት አፍ አትከፍትም፤ በዓይኗ ብቻ ገልመጥ ታደርገዋለች፤ ልጁም እጁን ይሰበስባል። በእኛ ቤት ግማሹ አስተዳደግ በዓይን የሚነገር ነው። ይህ ቋንቋ የሚማሩበት ዘመን ያለፈባቸው ልጆች፣ ማየት ካገኙ በኋላ እንኳ ለዚህ ንግግር እንግዳ ሆነው ይኖራሉ።

ነገሩ ሁሉ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በ1688 የአየርላንድ ሰው የሆነው ዊልያም ሞሊንክስ ለፈላስፋው ለጆን ሎክ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከልደቱ ጀምሮ ማየት የተሳነውና ድቡልቡሉን ከባለ ስድስት ገጹ በእጁ ዳሶ የሚለይ ሰው፣ ዓይኑ ቢበራለት በማየት ብቻ ይለያቸዋልን? ሲል ጠይቆ ነበረ። መልሱ በ2011 ከሕንድ አገር ልጆች ዘንድ ተገኘ፤ ዓይናቸው በተከፈተ ጊዜ በእጃቸው የዳሰሱትን በዓይናቸው ሊለዩት አልቻሉም፤ ነገር ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ተማሩት። የእኛም አገር ልጆች በ2021 በታተመ ሌላ ሥራ እንደ ተገለጸው፣ በእጅ የዳሰሱትንና በዓይን ያዩትን አንድ አድርጎ መጠቀምን ከጊዜ ብዛት ለምደውታል። ስለዚህ የመማሪያው በር በአንድ ቀን ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ አይደለም፤ አንዱ ክፍል ቀድሞ ይዘጋል፣ ሌላው ገርበብ ብሎ ይቆያል።

አሁን ለእናቶችና ለአባቶች የሚጠቅመውን ልናገር። ሕፃን ከነሞራው ቢወለድ፣ ሞራው ባንድ ዓይን ብቻ ከሆነ 6 ሳምንት ገደማ፣ በሁለቱም ከሆነ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢነሣለት መልካም መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ። ይህ ጊዜ ክርስትና እስኪነሣ ከሚጠበቀው ቀን እምብዛም የሚርቅ አይደለም። የሕፃኑ ብሌን ነጣ ብሎ ቢታይ፣ ወይም በመብራት በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ አንዱ ዓይን ቀይ ሌላው ነጭ ሆኖ ቢወጣ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው፤ ነገሩ ሞራ ባይሆን እንኳ ሕይወት የሚያጠፋ የዓይን ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና። በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ወሮች የሕፃን ዓይን አልፎ አልፎ ቢዛባ አያስደነግጥም፤ ከዚያ በኋላ የሚዛባ ዓይን ግን «ሲያድግ ይለቀዋል» የሚባል አይደለም። ሕፃኑ 3 ወር ሞልቶት የእናቱን ፊት በዓይኑ የማይከተል ቢሆን፣ ወይም ዓይኑ ሳያርፍ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን፣ እንደዚሁ ነው። ቅጠል ጨምቆ በዓይን ውስጥ ማድረግም የጠራውን መስኮት የሚያቆስል ነውና ይቅር። በከተማችን በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሕፃናት የዓይን ሕክምና ክፍል አለ፤ ከላፍቶ እስከዚያ ከተማውን ማቋረጥ ነው፣ ማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። በጎንደርና በሐዋሳም የዓይን ሐኪሞች አሉ።

ወደ ልጃችን ልመለስ። ልጁ ቅርቡን ለማየት ዓይኑን አብዝቶ የሚያስጨንቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መጀመሪያ መነጽር ታዘዘለት፤ ዓይኑም በመነጽሩ ቀና አለ። ቀጥሎም ጤነኛው ቀኝ ዓይን በቀን 2 ሰዓት እንዲሸፈን ታዘዘ፤ ይህም ድንበር ገፊውን ጎረቤት ለጥቂት ጊዜ ከእርሻው አግዶ፣ የተገፋው እንዲያርስ ማድረግ ነው። ቀድሞ ሐኪሞች ቀኑን ሙሉ ያስሸፍኑ ነበረ፤ በ2003 በአሜሪካ የታተመው ፈተና ግን ጉዳቱ መካከለኛ ለሆነበት ልጅ 2 ሰዓት ከ6 ሰዓት እንደማያንስ አሳይቷል። ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ተስፋው የተሻለ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆኑትም እስከ 12 ዓመት ድረስ የሚጠቀሙ እንዳሉ ታውቋል።

ልጁ ግን ሽፋኑን ጠላው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀዳደደው፤ በሁለተኛው ከአልጋ ሥር ደበቀው። እናቱ በሥራ ላይ ስለምትውል ነገሩ በእኔ እጅ ወደቀ፤ እኔም ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ስለማውቅ ልቆጣው አልቻልሁም። ስለዚህ አንድ ቀን እኔም አንድ ዓይኔን ሸፈንሁና አጠገቡ ተቀመጥሁ። ልጁም ሳቀ፤ «አባባም ታመመ» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ነገረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ባለ አንድ ዓይን ሆነን እንቀመጣለን፤ እርሱ ሥዕል ይቀባል፣ ምስር ይለቅማል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን በድፍረት ጀበናውን አንሥቼ ቡና ልቅዳ ብል፣ ቡናው ከስኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው የነገሩ ቅርበትና ርቀት እንደሚያታልለው ያን ጊዜ በእጄ ዳሰስሁት። ሁለቱን ሥዕል አንድ አድርጎ ርቀትን መለየት በጤነኛ ሕፃን ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ዕድሜ የሚጀመር ነገር ነው፤ የእኛ ልጅ ይህን ገና በሙሉ አላገኘውም፤ ሐኪሚቱም ያገኘዋል ብለው ቃል አልሰጡንም።

ከ1 ዓመት በኋላ በተመረመረ ጊዜ ግራ ዓይኑ ከሰሌዳው እኩሌታ ወደ ታች አነበበ። በሜዳ ላይ ኳስ ሲወረወርለት ግን እጁን የሚያጨብጠው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ልጆቹ ይስቁበታል፤ እርሱም ይስቃል፤ እኔ ግን ፊቴን አዞራለሁ።

ባለፈው ወር ለዚህ ልጅ እኅት ተወለደችለት። 6 ሳምንት ሳይሞላት እናቷ ለዓይን ምርመራ ልትወስዳት ማለዳ ተነሣች። በቤት ያሉት ሴቶች «ገና አራስ ናት፤ ብርድ ይመታታል» ማለት ሲጀምሩ፣ ልጄ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም ምንም ሳልናገር ጋቢዬን አውልቄ ለሕፃኒቱ ሰጠሁና መኪና ልጠራ ወጣሁ።